ፉጂን በልኩ

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ። እማዬ ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች፤ አባዬ ግን ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ትዝታ ይጽፋል፤ ያውም በአማርኛ» አለኝ። ሊያስፈራራኝ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሲያስጠናኝ ደብተሩ ላይ የማለቅስ ልጅ እንደነበርኩ ያስታውሳላ! አሁን ያ ቀረ። ወረቀቱ ይኸው፣ እስክሪብቶው ይኸው፣ እኔ ትርሲትም ይኸው።

ሥራዬ ተራራ መሥራት ነበር። ቀልድ አይደለም። ሮማ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለሙዚየም የተራራ ሞዴል የሚሠራ አንድ ቦቴጋ፣ የእጅ ሥራ ቤት፣ አለ። ጣሊያኖቹ ሞዴሉን ፕላስቲኮ ይሉታል፤ ስሙ ነው እንጂ ፕላስቲክ የሚባል ነገር የለበትም፤ ካርቶን፣ ኮላና ጄሶ ነው። እዚያ ቤት ሦስት ዓመት ሠራሁ፤ በትምህርት ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ክረምት ሲሆን ሙሉ ቀን።

ክረምት እላለሁ እንጂ ሮማ በዚያ ወራት ጠብታ አታይም። ከአብዮቱ ወዲህ ዓለም አቀፍ የምግብ ድርጅት ውስጥ ከሚሠሩት የአባዬ ሐበሻ ባልደረቦች መካከል ልጆቹን ይዞ አገር ቤት የሚከርም የለም። አባዬ ፓስፖርቱን ሊያሳድስ ኤምባሲ በሄደ ቁጥር እማዬ እስኪመለስ ድረስ ወንበር ላይ አትቀመጥም። ስለዚህ ትምህርት ሲዘጋ የኛ ሰው ልጆች ሥራችን ግድግዳ ማየት ነበር። ከዚህ ያወጡኝ ጋሽ ሪኮ ናቸው።

ጋሽ ሪኮ እናታቸው የደብረ ዘይት ሰው፣ አባታቸው ጣሊያን አናጢ ነበሩ። አዲስ አበባ ለትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያን ተራሮች በጄሶ ሲሠሩ ኖረው፣ አብዮቱ ሲመጣ በአባታቸው ዜግነት ሮማ ገቡ። የአባዬ መሥሪያ ቤት መግቢያ ላይ አንድ የተሰነጠቀ የአባይ ሸለቆ ሞዴል ነበር። ሊጠግኑ መጥተው ለብቻቸው በአማርኛ ሲያጉረመርሙ አባዬ ሰማቸውና እቤት ምሳ ጋበዛቸው። ከምሳ በኋላ እኔ እንደ ልማዴ የብርቱካን ልጣጭ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ገፍፌ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ። ጋሽ ሪኮ ልጣጩን አንስተው ወደ መስኮቱ ያዙት።

«ይህቺን ማን አስተማራት?»

«ማንም። ጨዋታዋ ነው» አለች እማዬ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ይህችን ልጅ ለኔ አበድሩኝ። ይህ እጅ ካርቶን ይቆርጣል።»

አባዬ ተስማማ፤ ግን ቃል አስገባኝ። የሊቸዮ፣ የሁለተኛ ደረጃ፣ የመጨረሻው ክፍል ስገባ ሥራ የለም፣ ፈተና ብቻ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አልኩ። የዚያን ጊዜ ሦስት ዓመት የማያልቅ መስሎኝ ነበር።

ደሞዜ ለጀላቶና ለትራም ይበቃል፤ ስለሱ ይኸው በቂ ነው። ስለ ሥራው ግን ልንገራችሁ። ተራራ በካርታ ላይ በቀጫጭን መስመሮች ተከቦ ነው የሚገኘው፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ከፍታ ነው። መስመሩን ካርቶን ላይ ገልብጠን በምላጭ እንቆርጣለን፤ ከሰፊው እስከ ጠባቡ እየደራረብን በኮላ እናጣብቃለን። መጀመሪያ የሚወጣው ተራራ አይመስልም፤ ደረጃ ነው። ደረጃውን ሞልቶ ተራራ የሚያደርገው ጄሶው ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሹመቴ ካርቶን ቆራጭ፣ የሁለተኛው ጄሶ በጥባጭ፣ የሦስተኛው ቀለም ቀቢ ነበር።

ጋሽ ሪኮ ውሃ ጄሶ ላይ የሚያፈስ ሰው ካዩ እንደ ስድብ ነው የሚቆጥሩት። ጄሶ ነው ውሃው ላይ የሚዘንበው፤ በጣት እየተበተነ፣ መሃል ላይ ትንሽ ደሴት ብቅ እስኪል። ከዚያ በፊት ማማሰል ክልክል ነው። ጄሶ ሲጠነክር ደግሞ ይሞቃል። ይህን ሳላውቅ መጀመሪያ ቀን እጄን ቬሱቪዮ ላይ ጭኜ «ጋሽ ሪኮ! ተራራው አተኮሰው!» ብዬ ጮህኩ።

«ያተኩሰው፤ እየተወለደ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

መድረቁን በጉንጫቸው ነበር የሚያውቁት። ሞዴሉን እንደ ሕፃን አቅፈው ጉንጫቸውን ያስጠጋሉ፤ ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው። ወደ ቤት ከመሄዳቸው በፊትም መደርደሪያው ላይ ያሉትን ተራሮች በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ሰሜን ያዞሯቸዋል። «አቅጣጫው ጠፍቶት የሚያድር ተራራ አልወድም» ይላሉ። የቦቴጋው ባለቤት ሲኞራ ፒና ይህን ባዩ ቁጥር ያማትባሉ።

አንድ ሕግ ግን ከሁሉም በላይ ነበር፦ ቁመት እጥፍ። ካርታው የሚለውን ከፍታ ሁለት ጊዜ እናደርገዋለን፤ የካርቶኑን ውፍረት በእጥፍ እንወስዳለን ማለት ነው። ሰው ሞዴልን ከላይ ቁልቁል ስለሚያየው ተራራ ሁሉ የተረገጠ ይመስለዋል። «የኢትዮጵያን ካርታ ስሠራ ቁመቱን ባላሳድግ ኖሮ» ይላሉ ጋሽ ሪኮ፣ «ራስ ዳሸን ሽሮ ላይ እንደወጣ አረፋ ነበር የሚታየው።»

ቬሱቪዮን እንዲህ ሠራን፣ ኤትናን እንዲህ ሠራን፣ የአልፕ ተራሮችንም እንዲህ። ሁሉም የጋሽ ሪኮ ነበሩ። ተራራውን የሠራ ሰው ጄሶው ሳይደርቅ በሆዱ በኩል ስሙን በምስማር ይጭራል፤ ማንም አያየውም፣ ግን አለ። እኔም አንድ ፈለግሁ። ከመሄዴ በፊት አንድ፣ በሆዱ ላይ ስሜ ያለበት ተራራ።

በመጨረሻው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ሲኞራ ሃሩኮ መጡ። ቁመታቸው አጭር፣ ረጅም ካፖርት የለበሱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ጃፓናዊት ናቸው፤ ያደጉት ከፉጂ ተራራ ግርጌ ባለች ከተማ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሮማ ውስጥ ስለ ቅዱሳን ተራሮች በሚዘጋጅ ትርኢት ላይ ፉጂን የሚያሳዩት እሳቸው ነበሩ። ጋሽ ሪኮ ካርታውን ተቀብለው ዘረጉ፣ ጣቶቻቸውን ተመለከቱ (መንቀጥቀጥ ጀምረዋል)፣ ከዚያ ካርታውን ወደኔ ገፉት።

«ይህ ያንቺ ነው።»

ሲኞራ ፒና በጣሊያንኛ ጮኹ፤ «ልጅቷ ካበላሸችው ትዕዛዙ ሚላኖ ላሉት ይሄዳል! ሁለተኛ ዕድል የለንም!» ጋሽ ሪኮ ምላጩን አቀበሉኝ። እኔ ግን ሰማሁ። አንድ ተራራ፣ አንድ ዕድል።

ሲኞራ ሃሩኮ ከካርታው ሌላ የተራራውን ታሪክ ጨምረው ሰጡኝ። «ተኝቷል እንጂ አልሞተም» አሉኝ። በጥንት ዘመን ከአናቱ ጭስ አይጠፋም ነበርና ገጣሚዎች የማይበርድ ፍቅራቸውን በዚያ ጭስ ይመስሉት ነበር። ከሺህ ዓመት በፊት ከጎኑ የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ አንድ ትልቅ ሐይቅ ገብቶ ከፈለው፤ ዛሬ በዚያ ድንጋይ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን በቅሏል። ሰዉ እሳቱን ለማብረድ መቅደስ ሠራ። የተራራው እመቤት የዛፍ አበባ የምታፈካ አምላክ ናት፤ ባሏ በፀነሰችው ልጅ ጠርጥሯት፣ ንጽሕናዋን ልታሳየው የተቀመጠችበትን ጎጆ ለኩሳ በነበልባሉ መሃል በሰላም የተገላገለች።

«እሳት ያልበላት ሴት እሳትን ታዛለች ብለን ነው» አሉ።

«ማርያምን!» አሉ ጋሽ ሪኮ።

የመጨረሻው ፍንዳታ በፈረንጆች 1707 ነው። ከትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተራራው በአናቱ ሳይሆን በጎኑ ፈነዳ። አመዱ ዛሬ ቶኪዮ እስከምትባለው ከተማ ወረደና ሰዎች በቀትር መብራት አበሩ። ማሳው በአመድ ተቀበረ፤ ረሃብ ሆነ። ይህን ሲሉ እኔና ጋሽ ሪኮ ዓይን ለዓይን ተያየን። በዚያ ዓመት አገር ቤት ድርቅ ነበርና «ረሃብ» የሩቅ አገር ቃል አልነበረም፤ አባዬ ራት ላይ ከሌላ ነገር አያወራም ነበር። ሲኞራ ሃሩኮም ገባቸው።

«ከዚያ ወዲህ ተራራው ቃል አልተነፈሰም» ብለው ቀጠሉ። «እኛም በበጋ ነጭ ለብሰን እንወጣዋለን። የመውጫው ወቅት ሲያልቅ በከተማችን መንገድ ዳር ዳሩን ችቦ እናበራለታለን፤ ተኛ ብለን።»

«ነጭ ለብሳችሁ? ችቦ?» ጋሽ ሪኮ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሲኞራ፣ እኔ ያደግሁት ዝቋላ ሥር ነው! እሱም የተኛ እሳተ ገሞራ ነው፤ አናቱ ላይ ሐይቅ አለ፣ ገዳም አለ። እናቴ ነጭ አልብሳ ነበር ይዛኝ የምትወጣው!» ሁለቱም ተሳሳቁ። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። ካርቶኑን ቆረጥኩ፣ እንደ ሕጋችን ቁመቱን እጥፍ አደረግሁ። በጎኑ ያለው የ1707ቱ ጉድጓድ ግን በእጥፉ ላይ ሲወጣ እንደ ተነቀለ ጥርስ አስቀያሚ ሆነ። ፖስታ ካርድ ላይ ያለው ፉጂ ለስላሳ ነው። ከጋሽ ሪኮ ጋር ተመካክረን ጄሶ ሞላነው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነው፣ ሰማያዊ ቀባን፣ አናቱን ነጭ አደረግን። የገበያው ሰው ሁሉ እየገባ «በሊሲሞ!» አለ። ሲኞራ ፒና ሳሙኝ።

ሲኞራ ሃሩኮ መጥተው ቆሙ። ዞሩት። እንደገና ዞሩት። እኔ የምስጋና ቃል እየጠበቅሁ ፈገግታዬን አዘጋጅቻለሁ።

«በጣም ቆንጆ ተራራ ነው» አሉ። «የትኛው ነው?»

«ፉጂ ነው እኮ» አልኩ።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጄሶ ዱቄት በመዳፋቸው ደልድለው በአንድ ጣት አንድ መስመር ሳቡ፦ ከሩቅ ዝቅ ብሎ የሚነሣ፣ ሳይቸኩል የሚወጣ፣ አናቱ ላይ አጠር ብሎ የተቆረጠ፣ በዚያው ዝግታ የሚወርድ። «የኛ ከተማ ልጅ ስሙን መጻፍ ሳይማር ይህን ይስላል። ይህ የናንተ…» ቃል ፈለጉ፤ «…ቆብ ነው። ጉድጓዱስ የታል? የመጨረሻ ቃሉ እኮ እሱ ነው።» ጎንበስ ብለው ሰላምታ ሰጥተው ወጡ። ሲኞራ ፒና ወደ ስልኩ ሄዱ፤ ወደ ሚላኖ ሊደውሉ።

አለቀስኩ። ለምን ይደበቃል? ዓይኔ እስኪያብጥ አለቀስኩ። ጋሽ ሪኮ ግን ተቆጡ፤ ያውም ፉጂን ነው የተቆጡት። «በልኩ ከተሠራ ጠፍጣፋ ነው የሚሆነው! የድስት ክዳን! ማን ያየዋል?» እያሉ ይንጎራደዳሉ።

በማግስቱ ቁመቱን ሳላሳድግ ካርቶኑን እንደገና ቆርጬ ደረደርኩት። እውነታቸውን ነው፤ የድስት ክዳን ነበር። ቆሜ ባየው ባየው ክዳን። ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል የጄሶ መፋቂያዬ ከጠረጴዛው ወደቀ። ላነሣው ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ቀና ስል ዓይኔ ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል ሆነ። ከፊቴ፣ ከሩቅ ዝቅ ብሎ የሚነሣ፣ ሳይቸኩል የሚወጣ…

«ጋሽ ሪኮ! ይንበርከኩ!»

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«አጥሮ የታየን ተራራው ጎድሎ አይደለም። ጠረጴዛው ዝቅ ብሎ ነው!»

«ጉልበቴን ያመኛል። ደግሞ ቁመት እጥፍ ካልሆነ ተራራ አይባልም ብያለሁ።»

ጄሶ ዱቄቱን ደለደልኩላቸው። «እሺ፣ ዝቋላን ይሳሉልኝ። ከደብረ ዘይት ሆነው ሲያዩት።»

አኮረፉ። ግን ጣታቸው ከሳቸው ቀድማ ሄደች፤ ሰፊ፣ ረጋ ያለ፣ አናቱ ደልደል ያለ። ጣቷ አልተንቀጠቀጠችም።

«ጥሩ» አልኩ። «አሁን ቁመቱን እጥፍ ላድርግልዎ?»

«ንኪውና እጅሽን እቆርጠዋለሁ!»

ዱቄቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ የጠረጴዛውን እግር ይዘው፣ እያቃሰቱ፣ በአንድ ጉልበታቸው ከዚያም በሌላው ተንበረከኩ። ዓይናቸውን ከጠረጴዛው ጠርዝ እኩል አደረጉ። «ፒና!» ብለው ተጣሩ (ሚላኖዎቹ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አላነሡላቸውም ነበር)፤ «ያንን ስልክ ተዪው!»

ሲኞራ ሃሩኮ ጋ ሄደን የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፦ ሁለት ሳምንትና ከፍ ያለ ማስቀመጫ። የሚመጡት ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ልጆች ስለሆኑ ማስቀመጫው በልጅ ዓይን ልክ እንዲሆን ወሰኑ። «እኔም የማውቀው በዚያ ዓይን ነው» አሉ።

የዚያ ሰሞን ሮማ ዝናብ ብቻ ነበረች፤ ጄሶ አልደርቅ አለ። የእማዬን የፀጉር ማድረቂያ ሰርቄ ወሰድኩ (ቆይታ ደርሳበት ራሷ መጥታ ያዘችልኝ፣ «ሹሩባ የሌለው ደንበኛ ገና ዛሬ ገጠመኝ» እያለች)። ጉድጓዱን በሻይ ማንኪያ ፈለፈልኩት። ከባዱ ሥራ እሱ ነበር፤ ቁስል መምሰል አለበት፣ ግን የዳነ ቁስል። ሦስት ጊዜ አፍርሼ በአራተኛው ጋሽ ሪኮ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን አሳለፉበትና «እዚህ ጋ ተናግሯል» አሉ። ቀለሙን ሰማያዊ አላደረግሁትም። ሰዎች በሚወጡት ወራት እንዳለው፣ ቀይ ቡኒ አመድ አስመሰልኩት። ጉንጬን አስጠጋሁት፤ አልቀዘቀዘኝም።

ሲኞራ ሃሩኮ ሲመጡ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጠረጴዛው ፊት ቁጢጥ አሉ። ጣታቸውን በአየር ላይ አንሥተው ከሞዴሉ ጫፍ እስከ ጫፍ መስመሩን ተከተሉ። ጣቷ ጉድጓዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እናቴ ልብስ የምታሰጣው በዚህ በኩል ነው» አሉ። ሲኞራ ፒና ምን ማለታቸው እንደሆነ በጥቅሻ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ሞዴሉን ገልብጬ ለዚሁ ብዬ ያን ጠዋት ሆዱ ላይ የለጠፍኩትን እርጥብ ጄሶ በምስማር እየጫርኩ ነበር፦ ትርሲት። በአማርኛ ፊደል። ስሕተት የለበትም፤ አባዬ ራሱ አይቶታል።

ትርኢቱ የተከፈተ ዕለት አባዬ በሙሉ ልብስ፣ እማዬ በሐበሻ ቀሚስ፣ ጋሽ ሪኮ ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቅዳሴ ብቻ በሚያወጡት ኮት መጡ። ሲኞራ ሃሩኮ ክንዴን ይዘው ወደ ፉጂ ወሰዱኝ።

«የአያቴ እናት ይህን ተራራ በየቀኑ እያየች ኖራ አልወጣችውም» አሉኝ። «በሷ ዘመን ሴት አናቱ እንድትደርስ አይፈቀድም ነበር። ከተማ ያሉት ሰዎች ግን ከፉጂ ድንጋይ እያመጡ በየሰፈሩ ትንንሽ ፉጂ ይገነቡ ነበር፤ ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ሕመምተኞቹ እሱን ይወጡ ነበር። ትንሹን የወጣ ትልቁን እንደወጣ ይቆጠርለታል።» ከዚያ ሁለት ጣቶቻቸውን እንደ እግር አድርገው ከግርጌው ጀምረው፣ በጉድጓዱ በኩል አልፈው፣ ቀስ እያሉ ወደ አናቱ አስወጧቸው። ሲደርሱ «ቅድመ አያቴ፣ ይኸው» የሚል የመሰለኝን ነገር በጃፓንኛ ተናገሩ።

እንዲህ ቆመን ሳለ አንድ ክራባት ያሰረ ረጅም ሰውዬ ከነሚስቱ መጣና ከላይ ቁልቁል አየው። «አላጠረም እንዴ?» አለ በጣሊያንኛ። «ፉጂ ትልቅ ተራራ አይደል? ይህ የድስት ክዳን ነው የሚመስለው።»

ቃሉ የጋሽ ሪኮ ነው። እሳቸውም ከጎኔ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተራራን ቁመት ሲያሳድጉ የኖሩት ሰው። አንገታቸውን ቀና፣ ኮታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ሲኞሬ» አሉ፣ «ተራራው ልኩ ነው። የረዘሙት እርስዎ ነዎት። ዝቅ ይበሉ!»

ሰውዬው ቀላ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ፣ ምን ይዋጠው፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ዝቅ አለ። ቆይቶ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ የሚስቱን ቀሚስ ጎተተ። እሷም ዝቅ አለች። ከኋላቸው የተሰለፉት ሰዎች ምን እንደተገኘ ለማየት አንድ በአንድ ጎንበስ ይሉ ጀመር፤ ባለ ካፖርቱ፣ መነኩሲቷ፣ ባለ ባርኔጣዋ ወይዘሮ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የተሸከመው አባት።

ጋሽ ሪኮ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ በአማርኛ፣ ድምፃቸውን አንዲት ሳይቀንሱ፦

«አየሽ አንቺ? ሮማን አሰገድሻት!»